«በሽንትሽ እርሳስ ወጣ» ማለት ተመርዘሻል ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 43 ነው። ድካም ከላዬ አልወርድ ካለ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። መገጣጠሚያዬን ያመኛል፣ እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ነገር ቶሎ እረሳለሁ። ሐኪም ቤት ተመላልሼ ‹ምንም የለብሽም› ተባልኩ። ሲቸግረኝ ወደ ተፈጥሮ ሕክምና ባለሙያ ሄድኩ። አንድ እንክብል አስዋጡኝና የ6 ሰዓት ሽንቴን አጠራቅሜ ሰጠሁ። ውጤቱ ሲመጣ እርሳስና ሜርኩሪ በቀይ ተጽፏል። አሁን 20 ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ኪሌሽን (ከባድ ብረት ከሰውነት የሚያስወጣ ሕክምና)፣ ክሎሬላ የሚባል የውሃ አልጌና የድምብላል ጠብታ ታዞልኛል። አራቱን የጥርስ ሙሌቶቼንም አስወጪ ተብያለሁ። ሰውነቴ እስኪጸዳ ድረስ የደም ግፊት መድኃኒቴን እንዳቆምም ተነግሮኛል። ልጀምር?»

ምላሽ፦

አይጀምሩ። የደም ግፊት መድኃኒትዎንም አያቁሙ። አቁመውት ከሆነ ዛሬውኑ መድኃኒቱን ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ከቀድሞው ብሶ ይነሳል። ደግሞም እርሳስ ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። በእርግጥ እርሳስ ተጠራቅሞብዎት ቢሆን ኖሮ ግፊትዎን ከበፊቱ ይበልጥ በቅርብ መከታተል ነበር የሚያስፈልገው።

ሕመምዎ እውነተኛ ነው። ይህን አስቀድሜ የምለው «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ሲጎዳ ስላየሁ ነው። የተለመዱት ምርመራዎች ደህና ሆኑ ማለት እስካሁን የታየው ነገር ደህና ነው ማለት ብቻ ነው። አላመመሽም ማለት አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሚ ያጣ ሰው፣ ቁጭ ብሎ ያዳመጠውን ባለሙያ ቢያምን አይፈረድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ከማዳመጡ በኋላ የመጣው ምርመራ ነው።

የዋጡት እንክብል ዲኤምኤስኤ ወይም ዲኤምፒኤስ ከሚባሉት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ መድኃኒቶች እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ይዘው በኩላሊት በኩል ያስወጣሉ። እርሳስና ሜርኩሪ ደግሞ በመጠኑም ቢሆን የሌለበት ሰው የለም። ከአየሩ፣ ከውሃው፣ ከምግቡና ከአቧራው ትንሽ ትንሽ ወደ ሁላችንም ይገባል። ስለዚህ እንክብሉን ፍጹም ጤነኛ ሰው ቢውጠውም፣ በሽንቱ የሚወጣው ብረት ለጥቂት ሰዓታት ሽቅብ ይወጣል። ይህ የሚያሳየው መድኃኒቱ መሥራቱን ነው። ሰውየው መመረዙን አያሳይም።

ዋናው ስህተት ያለው ማወዳደሩ ላይ ነው። ውጤቱ ወረቀት ላይ «መደበኛ» ተብሎ የሚቀመጠው መጠን የተወሰደው ምንም እንክብል ካልዋጡ ሰዎች ሽንት ነው። አንድን ምንጣፍ አራግፎ የወጣውን አቧራ፣ ካልተራገፈ ምንጣፍ ላይ ከሚታየው ጋር እንደማስተያየት ነው። የተራገፈው ሁልጊዜ የቆሸሸ ይመስላል። የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ (የመርዝ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር) ይህ ዓይነቱ ምርመራ በሳይንስ ያልተረጋገጠ፣ ጥቅሙ ያልታየና ሊጎዳም የሚችል መሆኑን በይፋ አስታውቋል። ስለዚህ በቀይ የተጻፈውን ቁጥር ይርሱት። «ትንሽ ይሻላል» ብለውም አይያዙት። ያ ወረቀት ስለ እርስዎ ምንም አይናገርም።

በፀጉር የሚደረገው የብዙ ማዕድናት ምርመራም ከዚህ ብዙ አይሻልም። በ2001 ተመራማሪዎች ከአንድ ጤነኛ ሰው የተቆረጠ ፀጉር ለስድስት ላቦራቶሪዎች ልከው ነበር። የመጡት ውጤቶች እርስ በርሳቸው በእጅጉ ተለያዩ፣ ትርጓሜውም እንዲሁ። ፀጉር ከዓሣ ለሚመጣው ሜርኩሪ ይጠቅማል። ለቀረው ግን ቀለም፣ ሻምፑና አቧራ ስለሚያዛቡት አይታመንም።

ታዲያ ትክክለኛው ምርመራ የትኛው ነው? ሁሉንም ብረት በአንድ ጊዜ የሚይዝ ምርመራ የለም። እርሳስ የሚለካው ከደም ሥር በተቀዳ ደም ነው። በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ወደ አጥንት የገባው ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፣ ቀስ እያለም ወደ ደም ይመለሳል። በእርግዝናና የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ ይህ መመለስ ሊጨምር ይችላል። ሜርኩሪ የተለያየ መልክ አለው። ከዓሣ የሚገባው በደም ወይም በፀጉር ይታያል። ከትነት ወይም ከቅባት የሚገባው ግን በሽንት ነው የሚለካው። አርሴኒክ የሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር በሽንት ይለካል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዓሣና ሌሎች የባሕር ምግቦች ውስጥ ጉዳት የማያደርስ የአርሴኒክ ዓይነት በብዛት ይገኛል። ሰው ትናንት ዓሣ በልቶ ዛሬ ሽንቱን ቢሰጥ ውጤቱ ሊያስደነግጥ ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ለአምስት ቀን ያህል ከባሕር ምግብ መታቀብ ያስፈልጋል። ውጤቱ ከፍ ካለም ላቦራቶሪው ጎጂውንና ጉዳት የሌለውን ለይቶ እንዲለካ መጠየቅ ነው። ካድሚየም የሚባለው ብረት ደግሞ ኩላሊት ውስጥ ከ10 እስከ 30 ዓመት ስለሚቆይ፣ ሽንት የረዥም ጊዜውን፣ ደም የቅርቡን ይናገራል።

እነዚህ ሁሉ የሚደረጉት ያለ ምንም አስወጪ እንክብል ነው። እርስዎ አንዱን ስለዋጡ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ቢመረመሩ ይሻላል።

ቁጥሩ ሲመጣ እንዴት ይነበባል? እርሳስን ልውሰድ፣ በደንብ የተጠናው እሱ ነውና። ለእርሳስ «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ይፈለግ፣ ይወገድም። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። በዚህ ደረጃ የታዘዘው ምንጩን መፈለግ ነው። ኪሌሽን የሚመከረው በጣም ከፍ ሲል ነው። እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ለአዋቂ ደግሞ መጠኑ ከምልክቱ ጋር አብሮ ታይቶ ይወሰናል። በ5 እና በ45 መካከል ያለው ሰፊ ቦታ የምንጭ ፍለጋ ቦታ ነው።

ለዚህ ነው ታካሚ ሲመጣ ከምርመራው ወረቀት በፊት ስለ ኑሮው የምጠይቀው። ሥራዎ ምንድን ነው? ባትሪ፣ ብየዳ፣ የቆየ ቀለም መፋቅ፣ ወርቅ በሜርኩሪ ማንጠር፣ በዝግ ቤት ውስጥ የተኩስ ልምምድ አለ? እርስዎ ባይሠሩት እንኳ ልብሱ ላይ አቧራውን ይዞ ቤት የሚገባ ሰው አለ? ፊት የሚያቀላ ክሬም ይቀባሉ? ከእነዚህ ክሬሞች ሜርኩሪ ያለባቸው ስለ ሜርኩሪ በተደረገው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክለዋል፣ ሽያጩ ግን አልቆመም። ኩል ይኳላሉ? አንዳንዱ ኩል አብዛኛው እርሳስ ነው። የሚያበስሉበት ዕቃ ከውዳቂ ብረት የቀለጠ ነው? የሸክላ ዕቃዎ ሽፋን የሚያብረቀርቅና የሚላላጥ ነው? ያጨሳሉ? ለአጫሽ ዋናው የካድሚየም ምንጭ ሲጋራው ነው። የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነው? ውሃው አርሴኒክ ካለበት ማፍላት አያጠፋውም። ውሃው ሲተን የቀረው እንዲያውም ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድም «አዎ» ከሌለ፣ መርዙ ከየት መጣ?

አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ አሁን የሚወስዱት «የተፈጥሮ» መድኃኒት ምን ምን ነው? በ2008 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ምርቶችን መርምሮ፣ ከአምስቱ በአንዱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። በአንዳንዶቹ ብረቱ የገባው ሆን ተብሎ፣ እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ ነው። ለማጽጃ ተብሎ የሚጠጣ ሸክላ አፈርም እርሳስ ተገኝቶበት ያውቃል። ለመጽዳት የገዙት ነገር ራሱ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ቤት ያለውን ጠርሙስና ከረጢት ሁሉ ሰብስበው ለሐኪምዎ ያሳዩ።

አሁን ወደ ኪሌሽኑ ልምጣ። ኪሌሽን የውሸት ሕክምና አይደለም። በእርሳስ ክፉኛ የተመረዘ ሕፃን በእነዚህ መድኃኒቶች ከሞት ይተርፋል። ዊልሰን በሚባለው በሽታ መዳብ የሚጠራቀምባቸው ሰዎችም በፔኒሲላሚን ዕድሜያቸውን ይኖራሉ። ጥያቄው ለእርስዎ፣ አሁን፣ በዚህ ወረቀት ይገባል ወይ ነው። ስለ ቀጠለ ሕመምና ስለ ኪሌሽን የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ አንድ ግምት ይዘው ይመጣሉ፦ ብረቱ ከወጣ ሕመሙም ይወጣል። ይህ ግምት በደንብ ተፈትኗል። በደማቸው ከ20 እስከ 44 ማይክሮግራም እርሳስ የተገኘባቸው 780 ሕፃናት ግማሾቹ ዲኤምኤስኤ፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2001 ታተመ። የእርሳሱ መጠን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ቀነሰ። የልጆቹ የማሰብ ችሎታና ጠባይ ግን ባዶ ክኒን ከወሰዱት አልተሻለም።

በልብ ሕመም ላይም ተሞከረ። በ2013 በታተመው ጥናት፣ ከዚያ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የገጠማቸው 1,708 ሰዎች ላይ በደም ሥር የተሰጠው ኢዲቲኤ የሚባል የኪሌሽን መድኃኒት መጠነኛ ጥቅም አሳየ። በተለይ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ተስፋ ሰጪ ስለነበር ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ጥናት በጉጉት ጠበቅን። በ2024 መጣ። የስኳር ሕመም ባለባቸው 1,000 ሰዎች ላይ የተደረገ ነበር። በደማቸው ያለው እርሳስ ከግማሽ በላይ ወረደ። የልብ አደጋው ግን አልቀነሰም። የእርሳስ ቁጥር ማውረድና ሰው ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ጉዳቱስ? እነዚህ መድኃኒቶች እርሳስን ብቻ አይመርጡም፣ ዚንክና መዳብንም ይዘው ይወጣሉ። የጉበት ምርመራ ሊያዛቡ፣ ነጭ የደም ሴል ሊቀንሱ፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ሊያወጡ ይችላሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው የኢዲቲኤ ስም መመሳሰል ነው። ካልሲየም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ እና ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ሁለተኛው ከደም ውስጥ ካልሲየም ይስባል። ካልሲየም በድንገት ሲወርድ ልብ ሊቆም ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2003 እስከ 2005 በዚህ መንገድ የሞቱ ሦስት ሰዎችን መዝግቧል። ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። በ2010 ደግሞ የዚያው አገር የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የኪሌሽን ምርት ለሚሸጡ ስምንት ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ጽፏል።

ሌላም አለ። የብረቱ ምንጭ ሳይዘጋ ኪሌሽን መጀመር አንዳንዴ ከአንጀት የሚገባውን እርሳስ ሊጨምር ይችላል። ቧንቧው ሳይዘጋ ወለሉን መጥረግ ቢባል ያንሳል።

በሕክምናው መካከል ሲያምዎ «መርዙ እየወጣ ስለሆነ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» ሊሉዎት ይችላሉ። ይህን አባባል አይቀበሉ። ሽፍታ፣ የልብ መምታት፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ የሽንት መቀነስ የመድኃኒት ጉዳት ምልክቶች ናቸው። ጥሩ ምልክት ብሎ የሚያሳልፋቸው ሰው ሲያዝልዎት የነበረውን መድኃኒት አያውቀውም።

ክሎሬላና ድምብላልን በአጭሩ ልለፍ። ሁለቱም በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ የተወሰነ ብረት የመያዝ ባሕርይ አሳይተዋል። በሰው ላይ ግን የተመረዘን ሰው እንደሚያክሙ የሚያሳይ አጥጋቢ ማስረጃ የለም። ድምብላል ለእርሳስ ተጋላጭ በሆኑ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ከባዶ መድኃኒት አልበለጠም። ክሎሬላ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ስለሆነ ራሱ ብረት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቫይታሚን ኬ ስላለውም ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ የሚወስድ ሰው ላይ መድኃኒቱን ያዳክማል። እግር ተነክሮበት ውሃው የሚጠቁርበት ማሽን ደግሞ የሚያሳየው የራሱን ብረት ዝገት ነው። እግር ባይነከርበትም ውሃው ይጠቁራል። ላብ በጥቂቱ ብረት ይይዛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ዋናው መውጫ ኩላሊትና ሐሞት ነው። የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ረዥም የሳውና ቆይታ ማድረግ ግፊትዎን በድንገት ሊጥለው ስለሚችል አልመክርም።

የጥርስ ሙሌቶቹ ካልተሰበሩና ካልተቦረቦሩ ይቆዩ። ከአማልጋም (ሜርኩሪ ካለበት ብርማ ሙሌት) ትንሽ የሜርኩሪ ትነት ይወጣል። ሲቦረቦር ግን ከወትሮው ይበልጥ ይተናል፣ ጤነኛ የጥርስ አካልም አብሮ ይሄዳል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2020 ደህና የሆነ ሙሌት ያለ ሕክምና ምክንያት አይነቀል ብሏል።

ይህን ሁሉ ስል የተፈጥሮ ሕክምናን ሙሉ በሙሉ ጣሉት እያልኩ አይደለም። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ አመጋገብ የሚሰጡት ምክር ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። እኛ ሐኪሞች ደግሞ ጊዜ አጣን ብለን የምንዘለው ነው። ከብረት ጋር በተያያዘ እንኳ ጠንካራ ማስረጃ ያለው የምግብ ጉዳይ አለ፦ አይረን (ሰውነት ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) እና ካልሲየም። የእነዚህ እጥረት ያለበት አንጀት እርሳስን አብዝቶ ይቀበላል። ስለዚህ እጥረቱን መርምሮ ማሟላት እውነተኛ መከላከያ ነው። ሳይመረመሩ አይረን መዋጥ ግን አይገባም፣ ሲበዛ እሱም ይጎዳል። ሴሌኒየምም እንደዚያው ነው። ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል።

አሁን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝን ልንገርዎ። ድካም፣ የእግር መደንዘዝና መርሳት አንድ ላይ ሲመጡ ቀድሞ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው እርሳስ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። የደም ማነስ ሳያሳይ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ወይም የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለረዥም ጊዜ የሚወስዱ፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበሉ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ቀጥሎ ስኳር አለ። እግር የሚያደነዝዝ ዋናው በሽታ እሱ ነው። ቀጥሎ ታይሮይድ። ሲዳከም ያደክማል፣ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ያስረሳል። በእርስዎ ዕድሜ የወር አበባ ከበዛ የአይረን ክምችት ሊያልቅ ይችላል። ይህን ለማየት ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፣ ፌሪቲን መለካት አለበት። የኩላሊት ምርመራ፣ የመገጣጠሚያ ቁጣ ምርመራዎች፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቆራረጥና ድብርትም መታየት አለባቸው። ድብርት ስል «በሐሳብሽ ነው» ማለቴ እንዳይመስልዎ። እሱም የሚታከም በሽታ ነው።

የቢ12 እጥረት ሦስት ዓመት ሳይታከም ከቆየ የነርቭ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። 20 ዙር ኪሌሽን ስንት ወር ይፈጃል? ያ ሁሉ ጊዜ የሚባክነው ከነርቭዎ ላይ ነው። ከመርፌው ጉዳት ይልቅ ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የኪሌሽን ቀጠሮውን ይሰርዙ፣ የጥርሱንም ያቆዩት። የግፊት መድኃኒትዎን ይቀጥሉ። ክሎሬላውንና ጠብታውን ያቁሙ፣ ጠርሙሶቹን ግን አይጣሉ። በዚህ ሳምንት የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዩና ቢ12፣ ፌሪቲን፣ የደም ቆጠራ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ያሠሩ። እግርዎን በመዶሻና በማስተጋቢያ ሹካ (ሲመቱት በሚንቀጠቀጥ ሹካ መሰል ብረት) መርምሮ ስሜቱን እንዲያይልዎትም ይጠይቁ። የነርቭ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ያለ ምንም እንክብል እርሳስን በደም፣ ሜርኩሪን በደምና በሽንት ያስለኩ። ከላይ የጠየቅኳቸውን የኑሮ ጥያቄዎች በወረቀት መልሰው ይዘው ይሂዱ።

የእርሳሱ ውጤት ከ5 በታች ከሆነና ሜርኩሪውም ላቦራቶሪው ካስቀመጠው መደበኛ መጠን ካላለፈ፣ ምንጭም ካልተገኘ፣ የብረቱን ጉዳይ ይዝጉት። ከፍ ካለ ምንጩን ፈልገው ይዝጉና ከተወሰነ ሳምንት በኋላ ደግመው ያስለኩ። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች እነሱም ይለኩ፣ ከእርስዎ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ኪሌሽን ካስፈለገም የሚወስነው የመርዝ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ይሁን፣ ካልሲየምዎና ኩላሊትዎ እየተለካ በሆስፒታል ይሰጥ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ መደንዘዙ ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ፣ እግርዎ ከከዳዎት ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።